ወርቄ የዋጠችው ጉንጭ

አናጢው ጋሽ ኩማ ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የተማሪ ወንበር ሲጠግኑ ኖረው ጡረታ ከወጡ በኋላ የቀራቸው ደስታ አንድ ነበር፤ አዲስ ከተማ ሰፈር ባለችው ቤተ ክርስቲያናቸው ከመዘምራኑ ጋር ቆሞ መዘመር።

ባለቤታቸው ብርቅዬ ስታርፍ ግን ቤቱ ጭር አለ። እንቅልፍ እምቢ ሲላቸው አረቄ ጀመሩ፤ መጀመሪያ ማታ አንድ መለኪያ፣ ኋላ ከቁርስም በፊት። በቤተ ክርስቲያናቸው የሚጠጣ አይዘምርም። ስለዚህ አረቄውን በሃይላንድ ገልብጠው፣ ውሃ አስመስለው ይይዙታል። የደም ግፊት ክኒናቸውንም የሚውጡት በእሱው ነበር። አፋቸው እንዳይሸት ኮረሪማ ያኝካሉ።

አንድ ቅዳሜ ልምምድ ላይ ሙቀቱ በረታ። ሐይቅ ዳር፣ አሞራ ገደል ዓሣ የምትጠብሰው ወርቄ አጠገባቸው ቆማ ነበርና፣ ሳትጠይቅ ሃይላንዱን አንስታ ተጎነጨች። ጋሽ ኩማ ክው አሉ። የወርቄ ዓይን እንባ ሞላ፤ ዋጠችው፤ ክዳኑን አጥብቃ መለሰችላቸው። የመዘምራኑ መሪ ፊልሞን ምን ሆንሽ ቢላት፣ ትን አለኝ ብላ መዝሙሯን ቀጠለች።

በር ላይ ግን ጠብቃ ያዘቻቸው።

«ጋሼ፣ ውሃዎ ጉሮሮዬን ላጠው።»

«ለማን ልትናገሪ ነው?» አሉ ቀና ሳይሉ።

«ለነርስ። ሰኞ ቡሹሎ ጤና ጣቢያ አብረን እንሄዳለን። ለሌላው እርስዎ ይናገራሉ።»

የጤና ጣቢያው ነርስ አልተቆጣቻቸውም። በዕድሜ የገፋ ሰውነት መጠጥን እንደ ድሮው እንደማይችል፣ ከክኒን ጋር ሲገናኝ ደግሞ ሊጥላቸው እንደሚችል አስረዳቻቸው። ብቻዬን በአንድ ቀን ልተው ቢሉ እንደሚያማቸው አስጠንቅቃ፣ በክትትል እየቀነሱ እንዲተዉ ቀጠሮ ያዘችላቸው። በየቀጠሮው ወርቄ መጥበሻዋን ለእህቷ ትታ በባጃጅ ትወስዳቸዋለች።

ለፊልሞን ራሳቸው ተናገሩ። ሦስት ወር ከመዘምራኑ እንዲያርፉ ተወሰነ። ከኋላ ወንበር ተቀምጠው፣ ከንፈራቸውን ብቻ እያንቀሳቀሱ አሳለፉት። ቤታቸው ሲገቡ ግን ራሳቸው የገጠሟትን መዝሙር ያንጎራጉሩ ነበር፦

ሐይቁ ይመስክርልኝ፣ ነፋሱም ያውራ፣
ሞት ከደጄ ቆሞ፣ ሰው ስሜን ጠራ።

ባለፈው እሑድ ተመለሱ። ምስክርነት እንዲሰጡ ማይክ ሲቀበሉ ያዘጋጁት ሁሉ ጠፋቸው።

«ብርቅዬ ከሄደች ወዲህ ብቻዬን ነኝ ብዬ ነበር» አሉ። «አልነበርኩም። ወርቄ፣ ጌታ ይባርክሽ። ዕድሜ ሰጠሽኝ።»

ወርቄ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። ፊልሞን ኪቦርዱን ነካ፤ ጋሽ ኩማም ከመዘምራኑ መካከል ቦታቸው ገብተው ቆሙ።