የወደሙት አርባ ሦስት መጻሕፍት

ወይዘሮ ጥሩወርቅ በየማለዳው ደጃፏ ላይ በርጩማዋን ስባ ስትቀመጥ፣ እጇን ወደ ሻሿ ሰድዳ ከጉንጉኗ ውስጥ ሁለት የሹራብ መርፌዎች ትመዛለች። በአንደኛው ትናንት የቆመችበትን ገጽ ትገልጣለች። ከዚያ አንድ ገጽ ታነባለች፣ አንድ ረድፍ ትሠራለች። ሕጓ ይኸው ነው። ስለዚህ ከእጇ የሚወጣ ሹራብ የሚለካው በሰው ትከሻ ሳይሆን በመጽሐፍ ውፍረት ነው። ብርዳማው ዳውንት ለሚያስተምረው ለወንድሟ ልጅ ለበረከት የሠራችለት ሹራብ እጅጌው ጉልበቱ ድረስ የወረደው፣ የልብ ወለዱ ጀግና ለመሞት ብዙ ገጽ ስለፈጀበት ነው።

እሷ የምትኖርባት ሞቃቷ መርሳ ደግሞ ሹራብ የሚለበስባት አገር አይደለችም። ጎረቤቷ ባለ ጋሪው ጀብሪል በደጇ ባለፈ ቁጥር ይህን ደግሞ ለፈረሴ ነው ወይ እያለ ይለክፋታል። እሷም ፈረሱ ከጌታው ይልቅ ጨዋ ስለሆነ እንደምታስብበት ትነግረዋለች።

እንጀራዋ ግን ሌላ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የአንድ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ቁልፍ ያዥ ነበረች። ነሐሴ ላይ ጦርነቱ ከወልድያ በኩል ወደ መርሳ ሲወርድ የቻለ ሁሉ ወደ ደቡብ ሸሸ። የትምህርት ቤቱ አለቆች ማኅተሙን ይዘው ወጡ፤ መጻሕፍቱን ያስታወሰ አልነበረም። ጥሩወርቅ ጀብሪልን ለመነችው። አንድ ጊዜ ብቻ እንደሚመላለስላት ነገራት፤ ፈረሱም እሱም የተኩስ ድምፅ አይወዱም። አርባ ሦስት መጻሕፍት በጆንያ ከትታ ቤቷ አስገባችና በላያቸው የተጀመሩ ሹራቦችና የክር ድውሮች ደረበችባቸው። በእነዚያ አራት ወራት ቤቷ ሁለት ጊዜ ተበረበረ። ጆንያውን የፈቱት ታጣቂዎች ክሩን አይተው መልሰው ዘጉት። በዚያ ሙቀት ሹራብ የሚዘርፍ ማን አለ?

መብራትም ስልክም አልነበረም። ጥሩወርቅ ሦስት መጻሕፍት ባንድ ላይ ጀመረች፤ አንድ የፍቅር ልብ ወለድ፣ አንድ የመጀመሪያ ሃያ ገጹ የጠፋ የታሪክ መጽሐፍ፣ አንድ ስለ ንብ አያያዝ የሚያስተምር። ንብ የላትም፤ የንብ ንግሥትን ጠባይ ግን ከጎረቤቶቿ ጠባይ አብልጣ አወቀች። ክር ሲያልቅባት ያለቀውን ሹራብ ተርትራ ሌላ ትጀምራለች።

ታኅሣሥ ላይ ጦርነቱ ወደ ሰሜን ሲመለስ አለቆቹም ከሸሹበት ተመለሱ፤ ወዲያውም የጉዳት አጣሪ ኮሚቴ ተቋቋመ። ኮሚቴው የቤተ መጻሕፍቱን መደርደሪያ ማገዶ ሆኖ፣ ወለሉንም ባዶ ሆኖ ስላገኘው «ሙሉ በሙሉ የወደመ» ብሎ ጽፎ፣ ፈርሞ ወደ ወልድያ ላከ። በሳምንቱ ደግሞ የመንግሥት ንብረት በእጁ የተገኘበት ሰው በሦስት ቀን ካልመለሰ እንደ ዘራፊ እንደሚቆጠር በድምፅ ማጉያ ተለፈፈ።

ጥሩወርቅ ደስ አላት። ጆንያውን በጋሪ አስጭና የትምህርት ቤቱ ንብረት ክፍል ወሰደችው። ኃላፊው አቶ ፍቅሩ ገልጦ አየና ፊቱ ጠቆረ።

«እነዚህ ወድመዋል» አላት።

«ይኸው ናቸው እኮ፣ አቶ ፍቅሩ።»

«ወድመዋል እኮ ነው የምልዎት። ሪፖርቱ ሄዷል። ሙሉ በሙሉ ብለን ፈርመን አሁን አርባ ሦስት ተረፈ ብንል፣ ሌላውስ ስንቱ ተረፈ አይሉንም?»

መጻሕፍቱን ይዛ ተመለሰች። በአራተኛው ቀን የፍተሻ ቡድን መጣ። መሪው ዓለምነህ የሚባል ቆፍጣና ጎልማሳ ነው፤ ጆንያውን ፈትቶ የትምህርት ቤቱን ማኅተም አየና እንድትነሳ አዘዛት። ሃያ ሁለት ዓመት የተከበረው ስሟ በጎረቤት ፊት ዘራፊ ተብሎ ሊጠራ ነው፤ ከዚያም ጣቢያ አለ። ጥሩወርቅ ጮክ ብላ ተናግራ አታውቅም፤ ሥራዋ ሰውን ዝም ማሰኘት ነበር። ያን ዕለት ግን ጎረቤት ሁሉ እስኪሰማ ጠየቀችው።

«ልጄ፣ የወደመ ነገር ይሰረቃል?»

ነገሩ ስላልገባው፣ መጻሕፍቱ ወድመዋል ብሎ የመለሳት አቶ ፍቅሩ መሆኑን ስትነግረው እሱን አስጠራ። አቶ ፍቅሩ ተጨነቀ። ወድመዋል ቢል ዘረፋ የለም፤ አልወደሙም ቢል ሪፖርቱ ሐሰት ነው። አንዴ መጻሕፍቱን፣ አንዴ ዓለምነህን እያየ ላቡን ጠረገ። ጋሪው ላይ ተደግፎ ሲሰማ የቆየው ጀብሪል ነው የገላገላቸው።

«ወላሂ፣ ቀላል ነው። እትዬ ጥሩዬ በስጦታ ይስጧችሁ።»

የአቶ ፍቅሩ ፊት በራ። ለስጦታ ቅጽ አለው። ችግሩ ማኅተሙ ነው፤ የትምህርት ቤቱ ማኅተም ያረፈበት መጽሐፍ ለዚያው ትምህርት ቤት ሲሰጥ ፎቶ ላይ ያስነውራል። ስለዚህ እንዲሸፈን ተወሰነ። ጥሩወርቅ የጀመረቻቸውን ሹራቦች ሁሉ ተርትራ ለእያንዳንዱ መጽሐፍ ልባስ ሠራችለት። በሦስት ሳምንት አርባ ሦስቱም ሹራብ ለበሱ።

በርክክቡ ዕለት ድንኳን ተተከለ። ርዕሰ መምህሩ በጦርነት የወደመውን ቤተ መጻሕፍት ከራሷ ጎጆ የተካች እናት ሲል ረዥም ንግግር አደረገና የምስክር ወረቀት ሰጣት። ጀብሪል ከኋላ ሆኖ መጻሕፍቱ አላባቸው ወይ ብሎ ሰውን አሳቀ። ጭብጨባው ሲያበቃ ኤደን የምትባል የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ልባሶቹን አንድ በአንድ ገልጣ አየች፤ ፈተናቸው ቀርቧል። ከዚያ ወደ ጥሩወርቅ ጠጋ አለች።

«እትዬ፣ የኛ ፊዚክስ የለም?»

«ወድሟል» አለቻት ጥሩወርቅ።

ታሪኳን ስታወራኝ አንድ ነገር ብቻ እንዳልጽፍ ለምናኛለች። ያን የነሐሴ ቀን ጀብሪል ከውጭ ቶሎ ይበሉ እያለ ሲጣራ፣ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል የፊዚክስና የኬሚስትሪ መጻሕፍት በሩ አጠገብ በእሽግ ተቀምጠው ነበር። ጋሪው ይችላቸው ነበር። ጥሩወርቅ ዘልላቸው ወደ ውስጥ ገባችና ገና ያላነበበቻቸውን ልብ ወለዶች መረጠች።