የቀሚሱ ጥፋት

ልብስ ሰፊዋን ሰፈሩ ሁሉ “መርፌ” ይላታል፤ ከአፏ መርፌ አይጠፋማ፤ ምላሷም ቢሆን መውጋት ያውቅበታል። ያን ቀን ለልጇ የምረቃ ቀሚስ እየለካች ነበር።

“እማ፣ ደረቴን ወጋኝ!”

“ስፒል ነው፤ አትቁነጥነጪ! ሰው ነው የምለካው ወይስ እንዝርት?”

ስፒል አልነበረም። የልጅቷ ፊት አመድ መሰለ። መርፌም ጥፋቱን በገዛ እጇ ላይ አየችው፤ የቀሚሱን ደረት ያጠበበችው እሷ ናት። መቀስ አንስታ የጎኑን ስፌት ተረተረች፤ ውጋቱ ልጅቷን አልለቀቃትም። የጀርባውንም ተረተረች። ቀሚሱ ከረጢት ሲሆን እንኳ ሕመሙ እንዳለ ነው።

“ጋደም በይ እስቲ፣ የኔ እናት።”

“ስጋደም ይብስብኛል!” ልጅቷ ተነስታ ስፌት መኪናው ላይ ወደ ፊት ተደፋች፤ እዚያ ትንሽ ቀለል አላት።

 መርፌ ሹራብ ደርባላት፣ እየደገፈች ሆስፒታል ደረሰች።

“እትዬ፣ መጀመሪያ መቀሱን ይስጡኝ” አለች ወጣቷ ሐኪም። ለካ መቀሱ አሁንም መርፌ እጅ ላይ ነው! ከዚያ ሐኪሟ ወደ ልጅቷ ዞረች። “እየሮጥሽ ነው የጀመረሽ? ራስሽን ስተሻል? ሰሞኑን አሞሽ ነበር?”

“ቆሜ ነው። አልሳትኩም። ባለፈው ሳምንት ግን ጉንፋን ከነትኩሳቱ ጥሎኝ ነበር።”

“ከቤተሰብ በወጣትነቱ በልብ ድንገት የሞተ አለ?”

መርፌ ራሷን ወዘወዘች። ሐኪሟ የጎድን አጥንቶቹን ተጫነች፤ አላመማትም። በማዳመጫው ብዙ ቆየች። የልጅቷ ደረት ላይ የልብ ምት የሚያነብ ሽቦ ተለጠፈ፤ መርፌ ከማሽኑ በሚወጣው መስመር ላይ እንደ ስፌት የዘለለ ቦታ ትፈልግ ጀመር።

“ልብ ነው?”

“የልብ መሸፈኛ ነው፤ እንደ ልብስ ገበር ያስቡት። ጉንፋኑ ያስቆጣው ይመስለኛል። ለዚህ ነው ስትጋደም የሚብስባት፣ ጎንበስ ስትል የሚሻላት።”

“እኔ እኮ ቀሚሱን አጥብቤ…”

“ቀሚሱ የለበትም።”

መርፌ ተቀመጠች።

“ግን ውሃ ቋጥሮ እንደሆነ በአልትራሳውንድ፣ የልብ ጡንቻውን ነክቶ እንደሆነ በደም ምርመራ እናያለን።”

መርፌ ተመልሳ ቆመች። ውጤቱ እስኪመጣ ከልጇ ደረት ዓይኗን አልነቀለችም፤ ትንፋሹ ከፍ ሲል አብራ ትተነፍሳለች፣ ዝቅ ሲል አብራ ትጠብቃለች።

ደሙ ደህና ሆነ። ውሃውም እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም።

“መድኃኒቱን ከምግብ በኋላ። እኔ እስክፈቅድ ሩጫ የለም። ትንፋሽ ካጠራት ወይም ራሷን ካዞራት ሳይውል ሳያድር ያምጧት።”

ሕመሙ ረገብ ሲልላት ልጅቷ ከሹራቡ ሥር የተዘለዘለውን ቀሚስ አየች። “እማ፣ በዚህ ልመረቅ ነው?”

“ዝም በይ፤ እጠግነዋለሁ” አለች መርፌ፣ እጇን ከልጇ ጀርባ ሳታነሳ። “ደረቱን ግን አላጠበውም።”