ፀሐይ ከማትወጣበት አገር የመጡ ሽማግሌዎች

ልጅ ሳለሁ ጣርማ በር ላይ ፀሐይ እንደማትወጣ በእርግጠኝነት አውቅ ነበር። የሎጊያ ሰዎች እንቅልፍ የሚባል ነገር እንደማያውቁ፣ የባቲ ሰዎች ደግሞ ቤት ሳይሠሩ ገበያ መሀል ተወልደው ገበያ መሀል እንደሚያረጁም አውቅ ነበር። ከአቃቂ በሰቃ ርቄ ሄድኩ ቢባል እስከ ሳሪስ ነው፤ ሆኖም አገሩን ሁሉ አብጠርጥሬ የማውቅ ይመስለኝ ነበር፤ አባባ ዘለቀ የግቢያችን ሰው ነበሩና።

አባባ ዘለቀ ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሾፌር ነበሩ። ዕድሜያቸውን ተሳቢ እየጎተቱ አሰብ ሲመላለሱ ኖረው፣ መንዳቱ ሲበቃቸው እኛ ግቢ ጥግ ላይ ያለችውን ክፍል ተከራይተው ተቀመጡ። ያኔ መብራት አመሻሽ ላይ መጥፋት ልማዱ ነበር፤ ልክ ሲጠፋ እሳቸው ፋኖሳቸውን ምስማር ላይ ይሰቅሉና ከአሮጌ የመኪና ቸርኬ በሠሩት ምድጃ ከሰል ያያይዛሉ። መጀመሪያ ጭሱ ዓይናችንን ያቃጥለን ነበር፤ ቀስ እያለ ጭሱ ይጠፋና ፍሙ ይቀላል፣ እሳቸውም እንደ ሾፌር ልማዳቸው በጠቆረች ጣሳ ሻይ ይጥዱበታል። የግቢው ልጆች ሁሉ ዙሪያውን ጉልበታችንን አቅፈን እንቀመጣለን። ሲያወሩ መሪ የያዙ ነው የሚመስሉት፤ ወሬው ዳገት ላይ ሲደርስ ቀኝ እጃቸው ሳይታወቃቸው ማርሽ ይቀይራል።

«ሎጊያ ሰው አይተኛም» ይሉናል። «በማንኛውም ሌሊት ድረሱ፣ ሻይ ቤቱ ክፍት፣ ሙዚቃው ክፍት፣ ሰው ውጭ። መቼም አልጋ የሚባል ነገር አያውቁም።» አሰብ ሲደርሱ ደግሞ ቀን ላይ አንድ ሰው መንገድ ላይ ስለማያዩ፣ አሰብ የሚኖረው ሕዝብ ፀሐይ ስትጠልቅ ከባሕር እየወጣ የሚገባ ነው ይሉን ነበር። ባቲ ደግሞ የጉዞ ተራቸው ሆኖ የሚደርሱት ሁልጊዜ በገበያ ቀን ነበር። ይህን ሁሉ ሲነግሩን ለማሳቅ ብለው እንዳይመስላችሁ፤ ፊታቸው ላይ ፈገግታ የሚባል የለም፤ ያዩትን ነው የሚመሰክሩት።

ከሁሉም የምንወደው ግን የጣርማ በርን ነበር። እዚያ ተራራ ጫፍ ላይ ጉም እንጂ ፀሐይ የለም ይላሉ። ሰው ከሰው ስለማይተያይ ሰላምታው በመዳሰስ ነው፤ እንግዳው እጁን ወደ ላይ ያነሣል፣ ባለቤቱ ከትከሻው እስከ ወገቡ ዳብሶ ማን መሆኑን ያረጋግጣል፤ ከዚያ በኋላ ነው «ደህና ዋልክ» የሚባለው። ይህችን የመጨረሻዋን ረዳታቸው ነው ያጫወታቸው መሰለኝ፤ ለእኛ ግን የነገሩን በዓይናቸው ያዩ ያህል ነበር። እኛም በማግስቱ ዓይናችንን ጨፍነን እየተዳበስን «ጣርማ በር ጣርማ በር» እንጫወታለን።

ልጆች ብናምን አያስገርምም። ችግሩ አያቴም ማመኗ ነው። እማማ ብርቄ ክር ፋብሪካ ዕድሜዋን የጨረሰች፣ በቀላሉ የማትታለል ሴት ነበረች፤ ሆኖም መብራት ሲጠፋ እሷም በርጩማዋን ይዛ ትመጣለች፤ ትሰማና «ወይ የሰው አገር!» እያለች ራሷን ትነቀንቃለች። ሲመሽ ከመስማት በቀር ምን ሥራ አላት።

እንዲህ ባለው ጊዜ ነው አክስቴ ጽጌን የጣርማ በር ልጅ ለትዳር የጠየቃት። ጽጌ የእማማ የመጨረሻ ልጅ ናት፤ ከእኔ ጋር አንድ ክፍል ታድራለች፤ ጸጉሬን የምትሠራኝም እሷ ነበረች። ደምሴ የሚባል ልጅ በሰቃ ዋናው መንገድ ላይ ካለ ጎሚስታ ጎማ መጠገን ተምሮ፣ አገሩ ተመልሶ እዚያው ተራራው ላይ የራሱን ጎሚስታ ከፍቷል። ከመሄዱ በፊት ከጽጌ ጋር ተነጋግረው ኖሯል፤ ሥራው መልክ ሲይዝለት ሽማግሌ እንደሚልክ አስነገረ። አባቴ ልጁን ስለሚያውቀው ደስ አለው። እማማ ግን አሻፈረኝ አለች።

«ልጄን ፀሐይ ወደማትወጣበት አገር አልሰድም!» አለች።

ጽጌ አለቀሰች። አባቴ ሊያስረዳት ሞከረ፤ እሱ ግን ጣርማ በርን አይቶ አያውቅም፣ አባባ ዘለቀ ደግሞ ስንት ዘመን አልፈውበታል፤ ማን ይታመን? ሳምንቱን ሙሉ ቤታችን ውስጥ በደህና የተነጋገረ ሰው አልነበረም። እኔም ሁለት ልብ ሆንኩ፤ ጽጌ እንድታገባ እፈልጋለሁ፣ ጨለማ ውስጥ እየተዳበሰች ስትኖር ሳስብ ደግሞ ይጨንቀኛል።

ሽማግሌዎቹ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እንደሚመጡ ተነገረ። ጽጌ እንደ ደንቡ ጓዳ ገብታ መጋረጃው ተጋረደባት። አባባ ዘለቀ ኮታቸውን ለብሰው በእኛ በኩል ተቀመጡ። እኔ በሩን ከፍቼ «ግቡ» እንድል፣ ከዚያ በላይ አንዲት ቃል እንዳልጨምር ታዘዝኩ።

በሩ ሲንኳኳ ከፈትኩ። ሦስት ሽማግሌዎች ነጠላቸውን እንዳጣፉ ተሰልፈው ቆመዋል። ከፊት ያሉት፣ ጋሽ እሸቴ የሚባሉት የደምሴ አጎት፣ ገና ሲያዩኝ ዱላቸውን ግድግዳ አስደግፈው፣ የያዙትን የቆሎ ዕቃ መሬት አስቀምጠው ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ አነሡ።

አባባ ዘለቀ ያሉት እውነት ነው! ሰላም እያሉኝ ነው! እንግዳ ማሳፈር ነውር ስለሆነ እጄን ዘርግቼ፣ ቁመቴ የደረሰበትን ያህል፣ ከደረታቸው እስከ ወገባቸው በደንብ ዳበስኳቸው። ጋሽ እሸቴ ፊታቸው ላይ ምንም ቅሬታ የለም፤ እንዲያውም ዞረው ጀርባቸውን ሰጡኝ። ከዚያ ቀበቶአቸውን ፈትተው፣ ሞባይላቸውን ጨምረው፣ ጥፍር መቁረጫ ቢላዋቸውንም ከኪሳቸው አውጥተው አስረከቡኝ። የቀሩት ሁለቱም እንደሳቸው አደረጉ። ስጦታ ይሁን ምን አልገባኝም፤ «ግቡ» ብያቸው ዕቃውን ሁሉ ታቅፌ ብፌው ውስጥ ከብርጭቆዎቹ ጎን ደረደርኩት።

ጋሽ እሸቴ ምን አስበው እንደነበር በኋላ ነው የተረዳነው። አዲስ አበባን የሚያውቋት አንድ ጊዜ ብቻ መጥተው ነው፤ ያኔም የመጡት ቃሊቲ ማረሚያ ቤት የታሰረ የዘመድ ልጅ ሊጠይቁ ነበር። ከአውቶብስ ወርደው ቀጥታ እዚያ፣ ከዚያ ቀጥታ ወደ አውቶብስ። በዚያ በር ተፈተሹ፣ በቀጣዩ በር ተፈተሹ፣ ቀበቶና ሞባይል አስቀምጡ ተባሉ፣ የወሰዱትን ምግብ ቅመሱ ተባሉ። አገራቸው ሲመለሱ «ቃሊቲ ሳይፈትሽ ሰው ቤቱ አያስገባም፤ ሥርዓት ያለው ሰፈር ነው» ብለው አወሩ። ያን ቀን ጠዋት ደግሞ መናኸሪያው በር ላይ ተፈተሹ፣ ለመሳለም ጎራ ያሉበት ቤተ ክርስቲያን በር ላይም ተፈተሹ፤ ለባልደረቦቻቸው «አላልኳችሁም?» አሏቸው። የእኛ በሰቃ ደግሞ የቃሊቲ ጎረቤት ነው፤ እኔ ስዳብሳቸውማ ምን ጥርጣሬ ይቀራቸዋል።

ሳሎን ሲገቡ አባቴ ተነሥቶ «ኧረ ተቀመጡ» አላቸው።

«ጉዳያችንን ሳንናገር፣ ሳይፈቀድልን አንቀመጥም» አሉ ጋሽ እሸቴ። ሽማግሌ ጉዳዩን ሳይናገር እንደማይቀመጥ የታወቀ ነው። ያልታወቀው ግን ሽማግሌው ሱሪውን በአንድ እጁ ጨምድዶ ለምን እንደሚቆም ነው። ጋሽ እሸቴ ቀጭን ሰው ነበሩ፤ ሱሪው የሰፊ ሰው። ይዘውት የመጡትን የቆሎ ዕቃ በቀኝ እጃቸው ከፈቱ፣ አንድ እፍኝ ዘግነው በሁላችንም ፊት በደንብ አኘኩ፣ ዋጡ፤ ከዚያ ዕቃውን ለእማማ አቀረቡላት።

እማማ ዕድሜዋን በማሽን ጩኸት መሀል ስለኖረች ሹክ ያለችው ነገር ሦስተኛው ጎረቤት ድረስ ይሰማል። «ያመጡትን ራሳቸው ሊጨርሱት ነው እንዴ?» ብላ ለአባቴ ሹክ አለችው። አባቴ ወለሉን አየ።

ጋሽ እሸቴ አልሰሙም፣ ወይም አልሰማሁም አሉ። ጉሮሯቸውን ጠረጉና «የመጣንበት ጉዳይ...» ብለው ጀመሩ። ሽማግሌ ሲናገር ሁለቱም እጁ ይናገራል፤ ጋሽ እሸቴ ግን «ሴት ልጃችሁን» ሲሉ ቀኙን ዘረጉ፣ «ለወንድ ልጃችን» ሲሉ ግራውን ሊዘረጉ ብለው ቶሎ ወደ ወገባቸው መለሱት። በዚህ ዓይነት ንግግሩ ግማሹ ጎደለ።

እማማ አስጨርሳቸው ቀጥ ብላ ተቀመጠች። «ልጁን አልጠላሁትም» አለች። «አገሩን ነው። ፀሐይ የማትወጣበት አገር ልጄን አልሰጥም።»

«የት ነው ፀሐይ የማትወጣው?»

«እናንተ ዘንድ ነዋ።»

«ማን አለ?»

ሁላችንም ወደ አባባ ዘለቀ ዞርን። እሳቸውም ኮታቸውን ቆልፈው ተነሡ። «እኔ ነኝ ያልኩት። ያየሁትን ነው የተናገርኩት። ጣርማ በርን ዕድሜዬን ሙሉ አልፌበታለሁ፤ አንድ ቀን ፀሐይ አላየሁበትም።»

«በስንት ሰዓት ነው የሚያልፉት?»

«ስሄድ ጀምበር ከጠለቀች በኋላ፣ ስመለስ ሳይነጋ።»

ጋሽ እሸቴ ወደ እሳቸው ዞሩ። «ታዲያ ፀሐይ ለእርስዎ ብላ በሌሊት ትውጣ?»

ከጓዳ የታፈነ ሳቅ ተሰማ። አባቴ አፉን በእጁ ሸፈነ። አባባ ዘለቀ በሕይወታቸው እንዲህ ተይዘው አያውቁም መሰለኝ፣ ቀኝ እጃቸው አንድ ሁለቴ ማርሽ ቀየረ። «እሺ፣ እሱስ ይሁን» አሉ፣ «እርስዎ ግን ሱሪዎን እንዲያ ጨምድደው የያዙት በምን ምክንያት ነው?»

«ቀበቶዬ በር ላይ ተወስዶብኝ ነው እንጂ!»

«ማን ወሰደው?»

«ጥበቃዋ» አሉና ወደ እኔ ጠቆሙ።

የቤቱ ሰው ሁሉ እኔ ላይ አፈጠጠ። ሄጄ ብፌውን ከፈትኩ። ቀበቶዎቹ ተጠቅልለው፣ ሞባይሎቹ በተርታ፣ ቢላዋው ከላይ። «ሰላም ያሉኝ መስሎኝ ነው» አልኩ። «አባባ ዘለቀ እነሱ አገር ሰላምታ እንዲህ ነው ብለውናል።» ጋሽ እሸቴ ደግሞ እዚህ ሰፈር እንግዳ ሳይፈተሽ ቤት ይገባል እንዴ ብለው በመገረም ጠየቁ። አባቴ መጀመሪያ ሊቆጣ ነበር፤ አልቻለም፤ ወንበሩ ላይ ተደፍቶ ሳቀ። ሽማግሌዎቹ ሳቁ። እማማ እንኳ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ።

ነገሩ በዚህ ያለቀ መስሎኝ ነበር። እማማ ግን ዓይኗን ጠረገችና ፊቷን ኮስተር አደረገች። «ተሳሳቅን፣ ጥሩ» አለች። «አንቱ የእግዜር ሰው ይመስላሉ። እውነቱን ይንገሩኝ። ፀሐይ አለች?»

ጋሽ እሸቴ አለች ቢሏት ያልቅ ነበር። ሰውየው ግን መዋሸት የማያውቁ ሆኑና አንገታቸውን ሰበሩ። «ትወጣለች፣ እመቤቴ። ግን አልዋሽዎትም፤ ክረምት ላይ ጉሙ ከያዘ ቀናት ሙሉ ላትታይ ትችላለች።»

የደምሴ ነገር አለቀለት ብዬ አለቀስኩ፤ የእውነቴን ነው፣ አለቀስኩ። እማማ መልስ ልትሰጥ አፏን ስትከፍት ከመጋረጃው ጀርባ፣ ደንቡም ይሉኝታውም ተረስቶ፣ የጽጌ ድምፅ መጣ፦

«ባትወጣም እሄዳለሁ!»

ሽማግሌ ፊት ልጅ እንዲህ ስትናገር ያኔ ተሰምቶ አይታወቅም። እማማ መጋረጃውን ብዙ አየችው። የምትቆጣ መስሎን ነበር፤ ግን ድምፅዋ ሲወጣ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ በእርግጥም ሹክታ ነበር። «እኔስ የጨለማው ነገር መች ሆነና» አለች። «ስትሄድብኝ ነው።» ከዚያ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞራ «ሰምታችኋል። በሉ ተቀመጡ» አለች።

ጋሽ እሸቴ «እግዚአብሔር ይስጥልን» ብለው እንደተቀመጡ የተሰማቸው እፎይታ የጋብቻው ብቻ አልነበረም።

ጽጌ ሄደች፣ ቤቱ ጭር አለ፣ ጸጉሬን እናቴ አጥብቃ እያሰረች ታስለቅሰኝ ጀመር። አባባ ዘለቀ ወሬአቸውን አላቆሙም፤ «ሌሊት ሳልፍ እንዳየሁት» የምትል ቃል ብቻ ጨመሩበት። እኛም ከዓመታት በኋላ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ገባን፤ እማማ በየጠዋቱ በረንዳ ላይ ወጥታ ጣርማ በር መደወል ሥራዋ ሆነ። ሌላ ጥያቄ የላትም፤ «ወጣች?» ብቻ ነው።

አንድ ክረምት ጽጌ ዘንድ ሄጄ ሰነበትኩ። ጠዋት ስነቃ በሩ ላይ የተሰቀለው ጎማ ከደጃፉ እንኳ አይታይም፤ ጉሙ ቤት ውስጥ ሊገባ የደረሰ ይመስል ነበር። ስልኩ ጮኸ። ጽጌ ልጇን በጋቢ አዝላ፣ ጥርሷ በብርድ እየተንገጫገጨ አነሣችው። «ወጥታለች እማዬ!» አለች መስኮቱን እያየች፤ «አናት ትበሳለች!» ከዚያ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ስልኩን ሰጠችኝ፤ እማማ ምስክር ፈልጋለች።

«ሚሚዬ፣ እውነቷን ነው?»

«እውነቷን ነው እማማ። ልብስ አጥበን አስጥተናል» አልኳት። በዚያኛው ጫፍ ረጅም ትንፋሽ ሰማሁ፤ «ተመስገን» አለች።

ስለ ሰው አገር ሰው የሚያወራውን ስሰማ ዛሬም አልፈርድም። አባባ ዘለቀ ከጋቢናቸው መስኮት የታያቸውን አወሩ፣ ጋሽ እሸቴ በፍተሻ በር የገጠማቸውን፤ እማማ ደግሞ እንቅልፍ የሚሰጣትን ነው የምታወራው፤ እኔም አብሬ ዋሽቻለሁ፣ አልጸጸትምም። እማማ ግን የሰማችውን ለራሷ ብቻ አልያዘችም። ባለፈው ጎረቤታችን ለለቅሶ ጣርማ በር ሲሄዱ ሹራብ ሳይይዙ ጃንጥላ ይዘው ነበር የወጡት፤ ለፀሐዩ።