ኅዳር ሚካኤል በአቶ ንጋቱ ቤት

ባለፈው ሳምንት መሐል ሜዳ መናኸሪያ አጥር ላይ የአቶ ንጋቱን የምርጫ ፎቶ አየሁ። ፊደል የቆጠርኩት ልጅ ካሳደግኩ በኋላ ነውና ከሥሩ ያለውን ጽሑፍ ቀስ ብዬ አነበብኩት። ደግሞ በሌላ ፓርቲ ስም ቀርቧል፤ ሦስተኛው መሆኑ ነው።

መጀመሪያ የመረጥነው በተቃዋሚነቱ ነበር። «ጾም ይጠበቅ፣ በዓል ይከበር፣ ከቤተ ክርስቲያን አጠገብ ያለው መጠጥ ቤት ይነሣ» ሲል አገሩ ተከተለው። ታላቅ ወንድሜ እሸቴ በምርጫው ዕለት ከሳጥኑ ሥር ሳይነሣ የዋለ ታዛቢው ነበር። ሁለቱ የሚካኤል ማኅበርተኞችም ናቸው። የጥቅምቱ ማኅበር እኛ ቤት ተጠጣ፤ የኅዳር ተረኛ አቶ ንጋቱ ስለነበር እሸቴ ጽዋውን በእጁ አስረከበው። ወሩ ሳይሞላ ሰውየው ገዢውን ፓርቲ ተቀላቀለ። ትናንት አብረውት የቀሰቀሱትም አንድ በአንድ እየተለቀሙ ይታሰሩ ጀመር።

በዓሉ የዋለው ገብሱ ታጭዶ ክምሩ ላይ ውርጭ ባደረበት ማለዳ ነበር።

«ጋሼ፣ ዛሬ ቅር» አልኩት በርኖሱን ሲደርብ።

«ጽዋውን ሰጥቼው ልቅር? እሱ ፓርቲ ቢለውጥ ሚካኤልን አልለወጠ! አንተ ደግሞ ጥላህን ትፈራለህ።»

በእኛ አገር ከማኅበር የሚያስቀር ሕመም ወይም ሞት ነው። ተከተልኩት።

አቶ ንጋቱ ደጁ ድረስ ወጥቶ ተቀበለን። ውሾቹን አስሯል። ከጎተራው ሥር ሁለት ሚሊሻዎች ጠመንጃቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው የዝክሩን ዳቦ ይበላሉ። ቄሱ ጸልየው ጠላው መዞር ጀመረ። አቶ ንጋቱ በየሰዉ ፊት እየቆመ «ጠጡ እንጂ፣ የመልአኩ ነው» ይላል። እሸቴ ዘንድ ሲደርስ ጎንበስ አለ።

«እሸትዬ፣ ዛሬም እየታዘብከኝ ነው?»

«ድምፄን የሰጠሁዎት ለጾሙ ነው ጋሽ ንጋቱ፤ ለወንበርዎ አይደለም።»

«ጾሙንማ አሁን መንግሥት ሆኜ አስጠብቀዋለሁ» አለና ራሱ ሞላለት። «ጨልጠው፤ መንገድ አለብህ።»

እሸቴ በበሩ ወደ ሚሊሻዎቹ አየ። ጨለጠው።

ስንወጣ ሚሊሻዎቹ ተነሡ። «ለጥያቄ ነው» ብለው እሸቴን ከመካከላቸው አስገቡት። አቶ ንጋቱ ደጁ ላይ ቆሞ አማተበ።

ወንድሜ ከሁለት ክረምት በኋላ ከእስር ተመለሰ፤ አንድ ጆሮው አይሰማም። ዛሬም ከሰውየው ጋር ማኅበር ይጠጣል፤ «ይቅር ብያለሁ» ይላል። እኔ ከማኅበሩ ወጥቻለሁ። ሰዎች «ንጋቱ እምነት የለውም» ሲሉ እሰማለሁ። ውሸት ነው። አንድ ጾም ሽሮ አያውቅም። ያን ቀን ያማተበውም ከልቡ ነበር። የሚያስፈራኝ ይኸው ነው።