ለእማዬ ጣቢያ ውስጥ የተቀመጥነው ለቅሶ

ፖሊስ ጣቢያ ሲያስገቡኝ መጀመሪያ ያየሁት እግር ነው። ክፍሏ ጠባብ፣ ሴቱ ብዙ፣ ሁሉም እግሩን ወደ መሀል ዘርግቷል። «ኧረ ሰብሰብ በሉ፣ እንግዳ መጣባችሁ!» አልኩ። ሳቁ። በቃ፣ ከዚያ ወዲያ አልፈራሁም።

ጥፋቴ? ካዛንቺስ ሰፈራችን ሊፈርስ ነው ተብሎ ስብሰባ ጠሩን። ተነሳሁና «እናንተ ማታ ቤታችሁ ትገባላችሁ፣ እኛስ የት እንግባ?» ብዬ ጠየቅኩ። ሰዉ አጨበጨበ። ያስያዘኝ ጭብጨባው ነው፤ ዝም ቢሉ ኖሮ ቤቴ አድር ነበር።

ያን ጊዜ እማዬ ሆስፒታል ተኝታለች፣ አስታማሚዋ እኔ ነበርኩ። እማዬን ፔኒሲሊን የሚባለው መርፌ አይስማማትም፤ ድሮ አንዴ ወግተዋት ልትሞትብኝ ነበር። ስለዚህ ነርስ በተቀየረ ቁጥር ቀድሜ እለፈልፋለሁ። «እትዬ፣ ሰማን እኮ!» ይሉኛል። «ነገም እነግራችኋለሁ» እላቸዋለሁ። እኔ ስታሰር ልጄ ተተካች።

ክፍላችን ውስጥ አንዲት ወጣት ነርስ ነበረች፣ ስልክሽ ላይ የሆነ ነገር ጽፈሻል ብለው ያመጧት። «ዶክተር» እላታለሁ፣ ትናደዳለች፣ እኔ ደስ ይለኛል። እጄን ይዛ የልቤን ምት ስታዳምጥ «እንዴት ነው፣ ለባል እበቃለሁ?» እላታለሁ። «ኧረ እማማ!» ብላ ፊቷን ትሸፍናለች።

አንድ ቀን ስንቅ ሲገባ የተጠራችው የክፍላችን ተወካይ ናት እንጂ እኔ አይደለሁም። ተመልሳ ልጅዎ ቸኩላ ሄደች አለችኝ። ከዚያ ሁሉም ደግ ሆነ። ከምተኛበት ከሽንት ቤቱ በር አንስተው መስኮቱ ሥር አነጠፉልኝ። ብርቱካን ልጠው አጎረሱኝ። «ምነው፣ ልትድሩኝ ነው?» አልኳቸው። የሳቀ የለም።

ያኔ ገባኝ። ግን መርዶ በጠዋት ነው የሚነገረው፤ እነሱ ወጉን ሊጠብቁልኝ ነው፣ እኔም ልጠብቅላቸው ብዬ ተኛሁ። ማለቴ፣ ዓይኔን ጨፈንኩ።

ሲነጋ ከበውኛል። ተወካይዋ አፏን ስትከፍት «እማዬ ናት አይደል?» አልኳት።

«አዎ፣ እማማ።»

ልጄን ጓንት ግዢ ብለው ፋርማሲ ልከዋታል። አዲሷ ተረኛ ገብታ፣ ሳትጠይቅ፣ ያንኑ መርፌ ወግታታለች። ልጄ ጓንቱን ይዛ ስትመለስ እማዬ ትንፋሽ አጥሯታል።

ልቀብራት ፍቀዱልኝ ብል እንቢ አሉ። ነጠላዬን ዘቅዝቄ ለበስኩ። ብርድ ልብስ አንጥፈን እዚያው ለቅሶ ተቀመጥን። ፖሊሱ በሩን ደበደበ።

«ምንድነው ጩኸቱ?»

«ለቅሶ ነው፣ ልጄ። ወይ ገብተህ አልቅስ፣ ወይ በሩን ዝጋው» አልኩት።

«እግዜር ያጥናዎት» ብሎ ቀስ አድርጎ ዘጋው።

ሴቶቹ «ዕድሜ ጠግበዋል፣ ቀናቸው ደርሶ ነው» ይሉኛል። ምኑ ነው የደረሰው? እማዬ እኮ እኔ እስክታሰር ድረስ ሾርባው ጨው የለውም ብላ ስትጣላኝ ነበር።

የክፍላችን ነርስ ግን ወደ ለቅሶው አልመጣችም። ሽንት ቤቱ በር ጋ፣ የድሮ ቦታዬ ላይ፣ እጆቿን ብብቷ ውስጥ ደብቃ ተቀምጣለች። አልዋሽም፣ እማዬን የወጋቻት የዚያችኛዋ እጆች መሰሉኝ። ላያትም አልፈለግኩም። ግን ለቅሶ ላይ ሰው ደጅ ሲቀር አልወድም።

«ዶክተር፣ ነይ አጠገቤ።»

መጣች።

«እውነቱን ንገሪኝ። ቢጠይቁ ኖሮ ትተርፍ ነበር?»

ሌሎቹ በዓይናቸው ተይ፣ ተይ ይሏታል።

«አዎ፣ እማማ። ይተርፉ ነበር። መጠየቅ ነበረባቸው።»

እንዲህ ያለኝ ሰው አልነበረም። እጇን ከብብቷ አውጥቼ ያዝኩና ያኔ ነው ከልቤ ያለቀስኩት።

አሁን ተፈትቻለሁ፤ ካዛንቺስ ግን ቤቴ የለም። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ሰቅለውኛል፤ ደረጃውን ስወጣ ጉልበቴ ይሰድበኛል። ጎረቤት ሲታመም ግን አስታማሚ የምሆነው እኔ ነኝ። መርፌ ባየሁ ቁጥር «ይሄ ምንድነው? ለማን ነው? ጠይቃችኋል?» እላለሁ። የሚገላምጠኝ አለ። ይገላምጠኝ። ፊደል ባልቆጥርም አፍ አለኝ።

በቀደም ራሴ አሞኝ ኡራኤል ጋ ዶክተሬ የምትሠራበት ክሊኒክ ሄድኩ። መርፌውን ይዛ መጣች።

«የማይስማማዎት መድኃኒት አለ?»

«ፖሊስ ጣቢያ» አልኳት።

አልሳቀችም። መርፌውን እንደያዘች ቆመች።

«እማማ፣ አለ ወይስ የለም?»

«እያወቅሽኝ?»

«እያወቅኩዎትም።»

እማዬ ትዝ አለችኝ። «የለም፣ ልጄ» ብዬ ክንዴን ሰጠኋት።