ሳሊሃ የዘፈነችበት ካሴት

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከማል ሚኒባሱን መናኸሪያ አቁሞ፣ ፊቱንና እጁን ታጥቦ፣ ወደ ዮሲ ሱቅ ይሄዳል። ዮሲ ሆሳዕና ውስጥ ቴፕ፣ ሬዲዮና ቴሌቪዥን የሚጠግን ሰው ነው። ሱቁ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ደጅ የሚቀርባት ጠባብ ናት፤ ቅዳሜ ግን አራት ሰው ይታጨቅባታል። አራቱን የሚያገናኛቸው ዝምድናም ሃይማኖትም አይደለም፤ ሙዚቃ ነው። ሕጋቸውም አንድ ነው፤ እያንዳንዱ በሳምንቱ ሲሰማው የሰነበተውን አልበም ይናገራል፣ ከውስጡም አንድ ዘፈን መርጦ ያሰማል። ዘፈኑ ሳያልቅ ያወራ ሰው በሚቀጥለው ቅዳሜ ተራው ይዘለላል።

መምህር ትንሣኤ፣ ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ አስተማሪ፣ የሱዳን ዑድ ይወዳሉ። ቃሉ ባይገባቸውም ዓይናቸውን ጨፍነው ነው የሚሰሙት። ማዘጋጃ ቤት የምትሠራው አሰገደች አዲስ ነገር አያመልጣትም፤ ትናንት የወጣ አልበም ዛሬ ስልኳ ላይ ይገኛል። ዮሲ የሚወደው መሣሪያ ብቻውን ሲጫወት ነው፤ «ሰው አፉን ሲከፍት ይበላሻል» ባይ ነው። ከማል ደግሞ ከሆሳዕና አንጋጫ፣ ዱራሜ፣ ሺንሺቾ ሲመላለስ የሚውል ሾፌር ስለሆነ አልበም የሚሰማው ከመጀመሪያው ዘፈን እስከ መጨረሻው ነው። ተሳፋሪ «ይህን እለፈው» ቢለው አያልፍም። «አንጋጫ ሳልደርስ ከሰለቸኝ እሱ አልበም አይደለም» ይላል።

አንድ የጥቅምት ቅዳሜ አሰገደች ተራዋን ስትጨርስ ጥያቄ አመጣች።

«ከጠፋባችሁ አልበም ሁሉ አንዱ ይመለስላችሁ ብትባሉ የቱን ትመርጣላችሁ?»

መምህር ትንሣኤ በወጣትነታቸው ጎንደር የሰሙትን አንድ ሸክላ ጠሩ። ዮሲ ማሰብ ጀመረ። ከማል ግን ሳያስብ መለሰ።

«የኔን አታውቁትም። ሆሴዕ የሚባል የሀዲይኛ ዘፋኝ ነበር። በዘጠና አራት አንድ ካሴት አወጣ፤ ከዚያ በኋላ ደቡብ አፍሪካ ሄደ፣ ዱካውም ጠፋ።»

«ድምፁ ጥሩ ነበር?» አለ ዮሲ።

«የእሱ ድምፅስ ደህና ነበር። ከኋላ የሚቀበሉት ሁለት ሴቶች ነበሩ። አንደኛዋ ሳሊሃ ናት።»

ሳሊሃ የከማል ሚስት እንደነበረችና ከሞተች ብዙ ዓመት እንደሆናት ሦስቱም ያውቃሉ። መዝፈኗን ግን ስድስት ዓመት ሙሉ እንዲህ ሲሰበሰቡ አንድ ቀን አንስቶላቸው አያውቅም።

ሳሊሃ የዘፈነችው ሳትዳር ነው። አባቷ እንዳይሰሙ ስሟ ካሴቱ ላይ አልተጻፈም። ትዳር ሲመጣ ተይ ያላት ሰው የለም፤ እንዲሁ ቤትና ልጅ ሲበዛ ዘፈኑ ቀረ። ያኔ ከማል ካሴቱን ለአንድ ሾፌር ጓደኛው አዋሰው፤ ጓደኛው መኪና ቀይሮ ወደ ጅማ መስመር ዞረ፣ ካሴቱም አብሮ ሄደ። ከማል ግድ አልሰጠውም። ባለድምፅዋ ማጀት ውስጥ እያለች ካሴት ምን ያደርግለታል? ልጃቸው ረምላ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ሲሆናት ሳሊሃ ታመመች፣ በአሥራ አንደኛው ቀን አረፈች። የካሴቱ መጥፋት የተሰማው ከዚያ በኋላ ነው።

ሁለት ፎቶ ቀርቶለታል፤ መልኳን ፎቶው ያስታውሰዋል። ድምፅዋን ግን ለዓመታት በልቡ ይዞት ኖሮ፣ አንድ ቀን ዱራሜ ዳገት ላይ መሪ እንደያዘ ሊያስበው ሲሞክር አጣው። ስታወራ ከንፈሯ ይታየዋል፣ የሚሰማ ነገር የለም። መኪናውን ዳር አውጥቶ ቆመ። ተሳፋሪው ጎማ የፈነዳ መስሎት ወረደ።

ሱቋ ውስጥ መጀመሪያ የተናገሩት መምህር ትንሣኤ ናቸው። «ቦኖሻ ሳስተምር ሳዲቅ የሚባል ካሴት ነጋዴ ነበር። የሀዲይኛ የሚባል ነገር አያመልጠውም፣ ዕቃም አይጥልም። በሕይወት አለ።»

ሰኞ ከማል መኪናውን ለሌላ ሾፌር ሰጥቶ ቦኖሻ ወረደ። ሳዲቅ አሁን የሚነግደው በርበሬ ነው። ካሴቶቹ ከመጋዘኑ ጥግ በሦስት ማዳበሪያ ከረጢት ተቋጥረው፣ አቧራና በርበሬ ጠጥተው ቆይተዋል። ሁለቱ ሰዎች እያስነጠሱ አንድ በአንድ አወጧቸው። ልባሱ የወለቀ አለ፣ አይጥ የበላው አለ። በሦስተኛው ከረጢት መሐል ላይ ሽፋን የሌለው አንድ ካሴት ወጣ፤ በቢክ «ሆሴዕ» ተብሎ ተጽፎበታል።

«ስንት ልስጥህ?» አለ ከማል።

«ምን ዘመድህ ነው?»

«ሚስቴ አለችበት።»

ሳዲቅ ካሴቱን በጋቢው ጫፍ ጠርጎ ሰጠው። ዋጋ አልጠራም።

ዮሲ ሁለት ቀን ደከመበት። የካሴቱ ክር ተጣብቆ ነበር፤ በጣቱ እያላቀቀ ወደ ሌላ ባዶ የካሴት ቀፎ አዞረው፣ ከዚያም ስልክ ላይ ገለበጠው። ሲጨርስ ከማልን ጠራውና ሱቁን ለቆለት ወጣ።

ስምንት ዘፈን ነው። አንድ ኦርጋን፣ ከበሮ፣ የሆሴዕ ጎርነን ያለ ድምፅ፤ ከዚያ ሁለቱ ሴቶች ይቀበላሉ። አንደኛዋ ቀጥ ብላ የምትወጣ፣ እንደ ምንጭ ውሃ የጠራች ናት። ሁለተኛዋ ዝቅ ያለች፣ ሩቅ የቆመች ትመስላለች፣ አንዳንዴም ጨርሶ አትሰማም። ከማል ስምንቱንም ሰማ፣ ደገመ። ሲሰማት እንደሚያውቃት ተማምኖ ነበር፤ ልቡ እንደሚነግረው። ልቡ ምንም አልነገረውም። ከሁለቱ ሴቶች የትኛዋ ከጎኑ አምስት ዓመት እንደተኛች ሊለይ አልቻለም።

ቤት ሲደርስ ረምላ ከነርሲንግ ኮሌጅ ተመልሳለች። ሃያ ዓመቷ ነው። እንደ ልማዳቸው በሀዲይኛ ነበር የሚያወሩት። ስልኩን ሰጣት፤ ኤርፎኗን ሰክታ ቆማ ሰማች። ከዚያ ተቀመጠች።

«አባ፣ እናቴ የትኛዋ ናት?»

አላውቅም ማለት ነበረበት። ግን ልጁ በሕይወቷ የእናቷን ድምፅ ስትጠይቅ ይህ የመጀመሪያዋ ነው፤ ዓይኗ ፊቱ ላይ ተተክሏል። አላውቅም የሚል ባል ምን ዓይነት ባል ነው?

«የጠራችው» አላት። «ከፍ የምትለው።»

ረምላ ፈገግ አለች፤ ዓይኗ እንባ ሞላ። በማግሥቱ ያንን ዘፈን የስልኳ ጥሪ አደረገችው። ሰው በደወለላት ቁጥር ያቺ የጠራች ድምፅ ቤቱን ትሞላው ጀመር። ጓደኞቿ መጥተው ሰሙ። ከማልም በሰማ ቁጥር ራሱን ያሳምን ነበር፤ እሷ ናት፣ እሷ ትሁን፣ ከዚህ የተሻለ ድምፅ ለሳሊሃ ከየት ይገኛል?

ቅዳሜ ተራው ሲደርስ አልበሙን አሰማ። አሰገደች ፈቃዱን ጠይቃ፣ የአካባቢው ሙዚቃ ወዳዶች «ሰሞኑን ምን ሰማችሁ?» እየተባባሉ የሚጻጻፉበት የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ጫነችው። በሦስተኛው ቀን ከሺንሺቾ አንድ ሰው ጻፈ። «ይህቺ ጥርት ያለችው የኛ ከተማ ሰው አይደለችም ወይ? ገበያ ውስጥ ዝንጅብል የምትሸጠው ገነቴ።»

ከማል ጽሑፉን መናኸሪያ ቆሞ አነበበው። የመጫን ተራው ደርሶ ሲጠሩት አልሰማም።

በሚቀጥለው የገበያ ቀን ተሳፋሪውን ሺንሺቾ አውርዶ እየጠያየቀ ሄደ። ገነቴ ደረቅ ዝንጅብል በሸራ ላይ አስጥታ ተቀምጣለች፤ ወፍራም፣ ደስተኛ ፊት ያላት ሴት ናት። ማንነቱን ሲነግራት ተነሥታ አቀፈችው።

«የሳሊሃ ባል! ነፍሷን ይማር። መሞቷን የሰማሁት ከዓመት በኋላ ነው።»

ስልኩን ጆሮዋ ላይ አደረገላት። ገነቴ መጀመሪያ ሳቀች፣ ከዚያ በእጇ አፏን ያዘች።

«ይቺ እኮ እኔ ነኝ። እንዴት ልጅ ነበርኩ! ሀዲይኛ በደንብ አልችልም ነበር፤ ሳሊሃ ቃሉን በወረቀት ጽፋ አስጠንታኝ ነው።»

«የጠራችው አንቺ ነሽ?»

«አዎ። እሷ ከሥር ያለችው ናት።»

ከማል ከዝንጅብሉ ሸራ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ገነቴ አየችው። ምን እንደገጠመው ባታውቅም ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«እንዳይመስልህ፣ ድምፅዋ ከኔ ይበልጥ ነበር። የቀዳነው አንድ ሆቴል ክፍል ውስጥ ነው፣ ማይኩ አንድ። መስኮቱ ወደ መንገድ ነው። አንተ ያኔ የአውቶቡስ ረዳት ነበርክ አይደል? የቡታጅራው? እሷ አውቶቡሱ ሲያልፍ ልታይህ ፊቷን ወደ መስኮት አዙራ ነበር የምትዘፍነው። ሆሴዕ 'አንቺ ልጅ ወደ ማይኩ ዙሪ' እያለ ይቆጣታል፤ ትዞርና ደግሞ ትመለሳለች። በመጨረሻ ተዋት።»

ከማል ያን ቀን በዚያ መንገድ ማለፉን እንኳ አያስታውስም። የትኛው ቀን ነበር? ስንት ጊዜ አልፏል፤ በር ላይ ተንጠልጥሎ፣ ሰው እየጠራ፣ ቀና ብሎ መስኮት ሳያይ።

«ምሳ እንብላ» አለችው ገነቴ።

«ሌላ ቀን። ልጄን ይዤ እመጣለሁ» አላት።

ወደ ሆሳዕና ሲመለስ ቴፑን አልከፈተም። ተሳፋሪዎቹ ያወራሉ፣ እሱ የሚያስበው ለረምላ ምን እንደሚል ነው። ዝም ማለት ይችላል። ልጅቷ ደስ ብሏታል፤ ገነቴም የሳሊሃን ድምፅ አልወሰደችም፣ ማንንም አልጎዳችም። ግን ረምላ እናቴ ብላ የምትሰማው የሌላ ሴት ድምፅ ነው፤ የራሷ እናት ከሥር ሆና እየዘፈነች ልጇ አልፋት ትሄዳለች። ይህን መሸከም አቃተው።

ደጅ ልብስ ስታሰጣ አገኛት። እዚያው ቆሞ ነገራት፤ ምንም አላስቀረም፤ አለማወቁንም፣ የዋሸበትንም፣ መስኮቱንም።

ረምላ እርጥቡን ልብስ እንደያዘች ወደሱ ዞረች።

«ለምን አላውቅም አላልከኝም?»

«አፈርኩ።»

«ከኔ?»

«ከሷ።»

ልብሱን ገመዱ ላይ ጣለችና ወደ ውስጥ ገባች። ከማል ተከትሏት ለመግባት ድፍረት አጣ፤ በረንዳው ላይ ተቀመጠ። ቆይታ ስልኳን ይዛ ወጣች፣ አጠገቡ ተቀመጠች፤ ከኤርፎኑ አንዱን ለሱ ሰጠችው።

አብረው ሰሙ። አሁን የሚጠብቁት ማንን እንደሆነ ስላወቁ ዝቅ ያለችው ድምፅ እየተለየች መጣች። ትጀምራለች፣ ትደበዝዛለች፣ መሐል ላይ ለሁለት ቃል ያህል ሙሉ ሆና ትሰማለች፣ ደግሞ ትርቃለች።

«እዚህ ጋ ዞራ ነው» አለች ረምላ።

«አዎ።»

«እዚህ ጋ ደግሞ ወደ መስኮቱ።»

«አዎ።»

ረምላ ያንኑ ቦታ አራት ጊዜ መለሰችው። ከማል ራሱን ደፍቶ አዳመጠ። የሳሊሃ የዘፈን ድምፅ ተገኝቷል፤ ከእንግዲህ አይጠፋም፣ ዮሲ በሦስት ቦታ አስቀምጦለታል። እሱ ግን ይበልጥ የሚናፍቀው ሌላውን ነበር። ጠዋት ጠዋት ከጓዳ ሆና «ከማል፣ ተነሣ፣ መኪናው ጥሎህ ሊሄድ ነው» የምትለውን። ያንን የቀዳ ሰው የለም።

«እንዴት ነበር የምትጠራህ?» አለችው ረምላ፣ ልቡን ያነበበች ይመስል።

ከማል ድምፅዋን ሊያስመስልላት አፉን ከፈተ፤ ከዚያ ተወው።

«በስሜ» አላት። «በስሜ ነበር የምትጠራኝ።»