የቢጫ ወንበሮቹ ቆጠራ

ፖሊክሮኒስ ከመንደሩ አደባባይ ዳር ቡና ቤት ከከፈተ ሠላሳ አንድ ዓመት ሆኖታል። ወንበሮቹን በከፈተበት ሳምንት ቢጫ ቀባቸው፤ ቢጫ የፓርቲው ቀለም ነው። ከማዶ ባለው ቡና ቤት ደግሞ ቡናማ ወንበሮች ላይ የተቃራኒው ፓርቲ ሰዎች ይቀመጣሉ። በዚህ ተራራ ላይ ሰው የት እንደሚቀመጥ ያየ፣ ማንን እንደሚመርጥ ያውቃል። ፖሊክሮኒስ ይህን ሲያምን ኖሯል።

ከየምርጫው በፊት ባለው ዓርብ፣ ከባንኮኒው ኋላ ቆሞ ቢጫ ወንበሮቹ ላይ ያሉትን ጀርባዎች ይቆጥራል። ለእያንዳንዱ ጀርባ አንድ ሚስት ይደምራል። ድምሩን በቁራጭ ወረቀት ጽፎ ከተማ ላለው የፓርቲው ጽሕፈት ቤት ይልካል። ከቁጥር ሌላ ምንም አይጽፍበትም። የሚደንቀው፣ በነዚህ ሁሉ ዓመታት ከሦስት ድምፅ በላይ ስቶ አያውቅም። ሌላ የሚኮራበት ነገር የለውም።

ለዚያ ዓመት የግንቦት ምርጫ፣ ሰማንያ አራት ብሎ ጻፈ። እሑድ አመሻሽ ላይ፣ ተማሪ በማጣት በተዘጋው ትምህርት ቤት ውስጥ የድምፅ ሣጥኑ ተከፍቶ ሲቆጠር ለፓርቲው ዘጠኝ ተገኘ። ፖሊክሮኒስ ጉልበቱን ከትንሹ የተማሪ ዴስክ ሥር እንዳጠፈ፣ ሰዉ ሁሉ ወጥቶ እስኪያልቅ አልተነሳም።

ሰኞ ጠዋት ማንም አይመጣም ብሎ ነበር የከፈተው። ሁሉም መጡ። ሁሉም በየወንበሩ ተቀመጠ፣ ሁሉም የዘወትሩን አዘዘ። ባዶ ወንበር ቢያይ ይሻለው ነበር፤ የባዶ ወንበር ትርጉም ይገባው ነበር። ትሪውን እንደያዘ ሄዶ፣ የአርባ ዓመት ወዳጁ አናግኖስቲስ ካርታ ከሚያድልበት ጠረጴዛ ፊት ቆመ።

“አንተም?” አለው።

“እኔም።”

“ታዲያ እዚህ ምን ትሠራለህ?”

“ቡና እጠጣለኋ። ምን ነካህ አንተ ሰውዬ? የቀባኸው እኮ ወንበሩን ነው፤ እኔን አልቀባኸኝም።”

ጠረጴዛው ሳቀ። አናግኖስቲስ ግን ካርታውን አስቀመጠና ድምፁን ዝቅ አደረገ። ማክሰኞና ዓርብ ይመጣ የነበረው ሐኪም ሲቀር፣ ከሁለት ዓመት በፊት፣ ለፖሊክሮኒስ የነገሩት በዚሁ ጠረጴዛ ላይ እንደነበር አስታወሰው። ያኔ መንግሥቱ የራሳቸው ፓርቲ ነበር።

“‘ለከተማ አሳውቃለሁ’ አልከን። ጥር ላይ ካሊሮይ መኪና ውስጥ፣ ጭንቅላቷን ታፋዬ ላይ አድርጋ ሞተችብኝ። ሚስቴ። የሆስፒታሉን መንገድ ግማሽ እንኳ አልሄድንም። ለመሆኑ አሳወቅህ?”

ፖሊክሮኒስ ሊያሳውቅ አስቦ ነበር። ግን ከተማ የሚጠይቀው ቁጥር ነው፤ እሱም ቁጥሩን ላከ።

ለምሳ ከቡና ቤቱ በላይ ወዳለው ቤቱ ሲወጣ ሚስቱ ኤቫንቲያ ምስር ትለቅማለች። የእሷም ልብ ደክሟል፤ ደረጃውን የምትወጣው ሁለቴ አርፋ ነው። ከፊቷ ተቀምጦ የመረጡትን ዘጠኝ ሰዎች በጣቱ ይቆጥር ጀመር፦ እኔ፣ አንቺ፣ የቄሱ እህት...

“እኔን አትቁጠረኝ” አለችው፣ ዓይኗን ከምስሩ ሳታነሳ።

ጣቱ አየር ላይ ቀረ።

በዚያው ቀን ሬዲዮው መንግሥት መመሥረት የሚችል ፓርቲ ስለሌለ ከአርባ ቀን በኋላ ድጋሚ እንደሚመረጥ ተናገረ። ፖሊክሮኒስ ይህን እንደ ገመድ ያዘው። ሐኪም ለመመለስ አርባ ቀን ይበቃል። ማክሰኞ ሙሉውን ቀን ከጠረጴዛ ጠረጴዛ እየዞረ ሰው ሁሉ ፓርቲውን ለምን እንደተወ ጠየቀ፣ የነገሩትንም እንዳለ ጻፈ። ሐኪሙ። አውቶቡሱ። አንዷ ሽማግሌ፣ ለሰላምታ እንኳ የመጣ የለም አለች። ስድስት ገጽ ሞላ። ከመጨረሻው ገጽ ግርጌ ላይ ብዙ ካመነታ በኋላ፣ “ሚስቴም አልመረጠችንም። ልቧ ታማለች” ብሎ ጨመረበት።

ረቡዕ በአይብ ጫኝ መኪና ተሳፍሮ ከተማ ወረደ። የፓርቲው ጸሐፊ ትሑት ወጣት ነው፤ “ባርባ”፣ አጎቴ እንደማለት፣ እያለ ደግፎ አስቀመጠው። ስድስቱን ገጽ ፊትና ጀርባውን አገላበጠ፤ የሆነ ነገር ይፈልጋል።

“ባርባ፣ ቁጥሩ የታል?”

“የምን ቁጥር?”

“የሰኔው ምርጫ ነዋ። ከናንተ ስንት እንጠብቅ?”

ፖሊክሮኒስ መልሱ እዚያው ወረቀቱ ውስጥ እንዳለ፣ መጀመሪያ እንዲያነበው ለመነው። ወጣቱ በደግነት ፈገግ አለ። ሰዉ ተቆጥቶ ነው፣ ቁጣው ሲበርድ ይመለሳል፣ ደግሞስ ወዴት ይሄዳል አለ። አሁንም ቢጫ ወንበር ላይ ይቀመጡ እንደሆነ ጠየቀው። ፖሊክሮኒስ አዎ ከማለት ሌላ ምን ይበል? ወጣቱ ደስ አለው። ወረቀቶቹን ከአዲሶቹ ፖስተሮች ሥር አስቀመጠና ከጥግ አንድ ጣሳ አንስቶ ሰጠው።

ማታ ከመሆኑ በፊት መንደር ደረሰ። ሁሉም አሉ፤ ካርታ ግን የሚጫወት የለም። ኤቫንቲያ እንኳ ደረጃውን ወርዳ ከጓዳው በር ቆማለች። ፖሊክሮኒስ ጣሳውን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠው።

“ሐኪሙስ?” አለ አናግኖስቲስ።

“ቢጫ ቀለም ሰጡኝ” አለ ፖሊክሮኒስ።

ማንም አልሳቀም። ኤቫንቲያ ደረቷን በእጇ ይዛ፣ ትንፋሿ እስኪመለስ፣ ቅርቧ ካለው ቢጫ ወንበር ላይ ተቀመጠች።